ልጆቻቸውን ተመልከቺ

የክፍሉ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። መምህርቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ዞር ስትል የዲፕሎማቱ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። ካፖርቷን አዛንፋ ቆልፋው አንዱ ጫፍ ከሌላው ወርዶ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ተዝረክርካ አይታት አታውቅም።

«ይቅርታ፣ መምህርት» አለች። «ልጄን ልወስዳት ነው። ጥርሷን አሟት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን።»

መምህርቷ ክው ብላ ቀረች።

የዚህች ሴት ባል የባላንጣው መንግሥት ኤምባሲ ሁለተኛ ሰው ነው። በዚያችው ሰዓት ደግሞ የሁለቱ መንግሥታት ተደራዳሪዎች ከከተማው ማዶ ባለ አዳራሽ የኑክሌር ስምምነቱን ሊፈርሙ ተቀምጠዋል። ማን ቦምቡን ቀድሞ ይፈታል፣ ማን የማንን መጋዘን ገብቶ ያያል እየተባባሉ ስንት ወር ተነታርከዋል። ከተደራዳሪዎቹ አንዱ የመምህርቷ ታላቅ ወንድም ነው።

«እኔ ቃላቸውን አላምንም» ብሏት ነበር ባለፈው እሁድ ቤቷ ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ። «ፊርማቸውንም አላምንም። ልጆቻቸውን ተመልከቺ። ልጆቻቸው አንቺ ጋ እስከተማሩ ድረስ እዚህ ከተማ ላይ ምንም አይጥሉም። ማሸሽ የጀመሩ ቀን ግን ፊርማው ማዘናጊያ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ደውዪልኝ፤ ስብሰባ ላይ ብሆንም አነሳለሁ።»

«አንስተህስ ምን ታደርጋለህ?»

እጁን አደራርቆ ወጣ።

«የምን ሐኪም?» አለች ልጅቷ ከፊት ወንበር። ከመቁነጥነጧ የተነሳ ክፍሉ «ፌንጣ» ይላታል። «እማዬ፣ ጥርሴ እኮ አርብ ዕለት ወለቀ! አሳየሁሽ አይደል?» ብላ አፏን በረገደችና ሽንቁሩን እየዞረች ለሁሉም አሳየች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አጠገቧ የሚቀመጠው የመምህርቷ ልጅ ነበር።

እናትየው አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

መምህርቷ «የጻፍኩትን ገልብጡ፤ ድምፅ እንዳልሰማ!» ብላ ሴትየዋን ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች። በሩንም ዘጋችው።

«ምን ሰምተው ነው?»

«ምንም።»

«ወዴት ነው የሚወስዷት?»

«ጥርስ ሐኪም አልኩ እኮ!»

መምህርቷ እጇን ኪሷ ከተተች። ስልኩን ጨበጠች። ብትደውል ወንድሟ ከወንበሩ ይነሳል። እሱ ሲነሳ እነዚያ ለምን ተነሳ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለገችም። ባትደውልስ? እየዋሹ ቢሆንስ? የልጇ ሳቅ በበሩ በኩል ይሰማታል።

«ለማን ልትደውይ ነው?» አለች ሴትየዋ። አንቱታው መቼ እንደቀረ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

«ለወንድሜ። አዳራሹ ውስጥ ነው ያለው። ልጆቻችሁን ማውጣት ከጀመራችሁ እንድነግረው አደራ ብሎኛል።»

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደገፈች። «እኛ እኮ የፈራነው እናንተን ነው!» አለች። «ጠዋት ባሌ ደውሎ ልጅቷን ይዘሻት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነይ አለኝ። ለምን ብለው፣ እነዚህ ሰዎች አያስተማምኑም፣ ቀድመው ሊተኩሱ ይችላሉ አለኝ። ከተኮሳችሁ ደግሞ የእኛዎቹ መልስ የሚወድቀው እዚሁ ነው፤ ልጄ ላይ። እናቴ ትሙት፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

«ከእናንተ በኩል ምንም እንደማይመጣ ማዪልኝ።»

«በምን አውቄ ልማል? አንቺስ ከእናንተ በኩል ትምይልኛለሽ?»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። እሁድ ወንድሟ ሳይመልስላት የወጣው ጥያቄ ትዝ አላት። ያሳደጋት፣ ነገር ደብቋት የማያውቅ ወንድሟ ነው። ልትምል አልቻለችም።

«ልጄ ከልጅሽ ጎን ነው የሚቀመጠው» አለች በመጨረሻ። «እሱን ይዤ የትም አልሸሽም። ከዚህ ሌላ የምልሽ የለኝም። ከወሰድሻት ግን እደውላለሁ። እኔም እናት ነኝ።»

ሴትየዋ በበሩ ትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ አየች። ሁለቱ ልጆች በአንድ ላጲስ ይጓተታሉ። ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አውጥታ የባሏን ስም አየች፤ አላነሳችውም። ጥሪው እስኪያልቅ መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች።

«ትቆይ» አለች። «እኔ ግን ከዚህ ክፍል አልነቃነቅም።»

ገብታ ከኋላ ባለው የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ደረቷ ድረስ መጣ። ልጆቹ እየተጠቃቀሱ ተንሾካሾኩ። መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞራ መጻፍ ቀጠለች።

«መምህርት፣ መስመሩ ተጣመመ!» አለ ልጇ።

«ቀጥ አድርጋችሁ ጻፉት እናንተ።»

ያኔ ነው የአውሮፕላን ድምፅ ከሩቅ የተሰማው። በዚህ ሰፈር አውሮፕላን ብርቅ አይደለም፤ መምህርቷ እንዲህ ሆና አድምጣው ግን አታውቅም። ድምፁ እየወፈረ፣ እየቀረበ መጣ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ጠመኔው እጇ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ዞር ስትል ሴትየዋ ካፖርቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ከወንበሩ ግማሽ ብድግ ብላ ጣሪያውን ታያለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

ድምፁ ከጣሪያው በላይ አልፎ ራቀ። ሴትየዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱም ቀጣዩን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ልጆቹ ቀና እንኳ አላሉም። ምላሳቸውን አውጥተው ይገለብጣሉ።