ለናሙና የተለጠፈው ፊት

አይዳ ለቀጨኔ ሰፈር እድር የስልክ መተግበሪያ እየነደፈች ነበር። በሐዘን ማስታወቂያው ገጽ ላይ በፎቶ ቦታ ግራጫ ሳጥን ብቻ ብታስቀምጥ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መላኩ፣ «ልጄ፣ ለእኛ ለሽማግሌዎች ሳጥን ምን ይነግረናል? የሰው መልክ አድርጊበት» አሏት። እሷም ኮምፒውተር የፈጠረውን፣ ሹራብ የለበሰች የአንዲት እናት ፊት ለጠፈችበት፤ ስሙንም ከልቧ አንቅታ «ወይዘሮ ሰርኬ ኃይለ መለኮት» ብላ ላከችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩንባ ነፊው የወይዘሮ ሰርኬ ኃይለ መለኮትን ሞት ሲለፍፍ ሰማች። ጋሽ መላኩ ናሙናው እውነት መስሏቸው ይሆናል። ሰፈር ሙሉ ሰው ለሌለች ሴት ሳይላቀስ ልድረስ ብላ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ድንኳኑ ተተክሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የላክሁልዎ እኮ ለናሙና ነው።»

«የቱ? እኔ ገና አልከፈትኩትም» አሉ ጋሽ መላኩ። «ሰርኬ ንጋት ላይ አረፈች።»

አይዳ ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው። አጠገባቸው የቆመችው የሟች ልጅ ባዩሽ ስልኩን ተቀብላ ትክ ብላ አየችው።

«እማዬ ፎቶ ተነስታ አታውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ሹራብ ደግሞ ትናንት ማታ ነው ያለበስኳት። እቤት መጥተሽ ነበር እንዴ?»