የድስቱ ቀኝ ጎን

ድሮ ጎመን ቀቅለን ውሃውን እንደፋ ነበር፤ ጥቅሙም አብሮ ይደፋል። አዲሱ ድስት ምንም አያስደፋም። የቤተሰቡን ጤና ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃውን ያበስላል። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ግን አያበስልም፤ ብክነት ነው ይላል ደንቡ።

የእኛው በግራ በኩል የእኔን፣ በቀኝ በኩል የባለቤቴን የጓንጉልን ድርሻ ያወጣል። ከፋሲካ ወዲህ ቀኙ እየሳሳ መጣ። ሁለቱንም አንድ ትሪ ላይ ስለምገለብጠው እሱ አያውቅም ብዬ ነበር።

ዛሬ ክዳኑን ሳነሳ ቀኙ ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። ጓንጉል እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። የእኔን ጎመን እንጀራው ላይ ዳር እስከ ዳር በትኜ አቀረብኩለት።

«ዛሬ አበዛሽው» አለኝ።

«ብላ እንግዲህ።»

ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ደገመኝ። ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

«አንተስ?»

«ዘርፌ፣ ትናንት ውጭ ሳለሽ ክዳኑን ከፍቼ አይቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በይ ጉረሺ፤ ድርሻሽ ነው።»

ጎረስኩ። ድስቱ ከጓዳ፣ ማዕድ ባነሳን ቁጥር እንደሚለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ምንም አልባከነም» አለ።