የመቅደላዊት እናት

«ቲቸር... ካመሰገናት ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

መምህር ግዛው ክው አሉ።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ።

መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ቴሌቪዥኑ ከዳይሬክተሩ ቢሮ፣ የካሴት ማጫወቻው ዴክ ከቪዲዮ ቤት በኪራይ መጥቶ... ስልሳ ተማሪ ተጣብቦ ፊልም ያያል።

ካሴቱን «ስለ ሴቶች እኩልነት ያስተምራል» ብላ ያዋሰቻቸው የታሪክ መምህሯ ናት። ቀድመው አላዩትም። ቢያዩት ኖሮ እሳት ውስጥ ይከቱት ነበር!

ታሪኩ የድሮ ነው። አንዲት ሴት ተመራማሪ ዓመታት ለፍታ ያገኘችውን፣ አለቃዋ የሷን ስም ሰርዞ በራሱ ስም ያሳትመዋል።

እንግሊዝኛው ስለሚፈጥን መምህር ግዛው በየደቂቃው እያቆሙ በአማርኛ ይነግሯቸዋል።

ስሟ ሲሰረዝ ግን ምን ብለው ቢተረጉሙት ጥሩ ነው?

«ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ አላት።»

ዋሹ! ስልሳ ልጅ ፊት ዓይናቸውን በጨው አጥበው ዋሹ።

ቆይ... ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ከዚያ ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መምህር ሳይሆኑ፣ አንድ የምርምር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። እዚያ የላቦራቶሪ ዕቃ የምታጥብ ገበያነሽ የምትባል ሴት ነበረች።

እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀውን የቅጠል ዱቄት ያገኘችው እሷ ናት። ከጓሮዋ ቀጥፋ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ... ጠዋት ማታ ጠርሙሱን በመርፌ እየመታች የሞተውን ነቀዝ ትቆጥር ነበር።

ቅጭ... ቅጭ... ቅጭ...

ጥናቱ ሲታተም አንድ ስም ብቻ ነበረው። የግዛው።

የተሸለሙበት የምስክር ወረቀት እስከዚያ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰቅሎ ነበር። ክብራቸው እሱ ነው። ገበያነሽ ግን የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ ወጣች። የት ገባች ብለው አልጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ሰሌዳ በነካ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማቸዋል። ሰው መሃል ቆመው እንኳ አይተዋቸውም።

አሁንም ተሰማቸው... ቅጭ... ቅጭ...

«በደስታ ይሆናላ የምታለቅሰው! ምን ታካብዳለች!» አለ ኑሪ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

ጠያቂዋ መቅደላዊት ግን አልሳቀችም። ሁሌም አንደኛ የምትወጣው ልጅ ናት።

«የደስታ አይደለም» አለች። «እኔ የሐዘን ለቅሶ አውቃለሁ።»

እናቷ ከሞተች ገና ሁለት ወሯ ነው። መምህር ግዛውም ከተማሪዎቹ ጋር ፉሪ ድረስ ሄደው ለቅሶ ደርሰዋል።

መምህሩ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት።

«ልጆች... ዋሽቻችኋለሁ። ሰውየው ስሟን ሰርዞ የራሱን ነው የጻፈው።»

ከቴሌቪዥኑ ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«እኔም እንደሱ አድርጌአለሁ። ዳይሬክተሩ ቢሮ በተሰቀለው ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ሥራ የኔ አይደለም። ገበያነሽ የምትባል ሴት ሥራ ነው።»

መቅደላዊት ቀስ ብላ ተነሳች።

«ቲቸር... ጠርሙስ በመርፌ እየመታች ነቀዝ የምትቆጥረው ገበያነሽ?»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«እናቴ ናት።»

መምህር ግዛው ስም መጥሪያውን ገለጡ።

ስም መጥሪያው ላይ «መቅደላዊት ሮበሌ» ነው የሚለው። የእናት ስም ማን ይጽፋል? ለቅሶው ቤትም ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው፣ ንፍሮ ቆርጥመው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ። ሰፈርተኛው ሁሉ «የመቅደላዊት እናት» ነበር የሚላት።

የገበያነሽን ለቅሶ ደርሰው... ገበያነሽ መሞቷን ሳያውቁ ተመለሱ!

«አምና ካርዴን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ሆና አይታዎታለች» አለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። «ሳትገባ ተመለሰች። ‹ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?› ስላት... ‹ጎበዝ ነው፣ ከሱ ተማሪ። የቀረውን አንድ ቀን ራሱ ይነግርሻል› አለችኝ።»

መምህር ግዛው ጠመኔ አነሱ። ሰሌዳው ላይ «ገበያነሽ» ብለው ጻፉ... እና ቆሙ።

ስንት ዓመት አብረው ሠርተው የአባቷን ስም አያውቁትም።

«ገበያነሽ... ማን?»

«ቀጄላ» አለች መቅደላዊት።

ጻፉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እንዳዞሩ አለቀሱ።

የምስክር ወረቀቱን በዚያው ቀን በገዛ እጃቸው ከግድግዳ አወረዱት። ድምፁ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልተዋቸውም ይባላል... ቅጭ... ቅጭ...

ወዳጆቼ፣ የሰው ልፋት በስማችሁ አታድርጉ። ካደረጋችሁም የልፋቱ ባለቤት በሕይወት እያለች ተናገሩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናንተ ሰፈር «የእገሌ እናት» ብቻ እየተባለች የምትጠራው ሴት፣ ስሟ ማነው? የምታውቁ ከነአባቷ ስም ኮሜንት ላይ ጻፉት።

የማታውቁ... ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቋት።