የእማማ ይመኙሻል ጭስ

የቅርስ ባለሙያው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚገኘው የፊታውራሪው ቤት ሳር ክዳን ነው፤ ከተሠራ መቶ ዓመት አልፎታል። ማንም አይኖርበትም። መሐሉ ላይ ግን ጎረቤቲቱ እማማ ይመኙሻል ተቀምጠው ኩበት ያጨሳሉ። በየጠዋቱ እየመጡ ያጨሱበታል፤ እናታቸውም የፊታውራሪው ገረድ ሳሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ባለሙያው ምሰሶውን በጣቱ ዳሰሰና ጥቁሩን አሳያቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥቀርሻ ነዋ፣ ልጄ።»

«ቅርስ በጭስ ታጠቁራላችሁ። መቼም ለእናንተ ቢነገራችሁም አይገባችሁም።»

ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ እጁን አወናጨፈባቸው። ዲግሪ ያለው ሰው ከኩበት ለቃሚ ምን ይማራል? ምሰሶዎቹን በሳሙና አሳጠበ፤ በሩን በጓጉንቸር ቆለፈ፤ «እሳት ማንደድ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ሰቀለበት።

በሁለተኛው ዓመት አለቆቹን አስከትሎ መጣ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጥበቃ ሲያስተምራቸው ነበር። ጓጉንቸሩን ከፍቶ በሩን ገፋ ቢያደርገው፣ በሩ ከነመቃኑ ወደ ውስጥ ወደቀ። ጣሪያው መሬት ላይ ተኝቷል። ብቻውን የቀረውን ምሰሶ ሲይዘው እንደ በሶ እጁ ላይ ተበተነ።

«ምን አደረጉት?» አለ፣ ወደ እማማ ይመኙሻል ዞሮ።

እሳቸው ከጎጇቸው ደጃፍ አልተነሱም። ከጀርባቸው፣ በጎጇቸው ሳር ክዳን መሐል፣ ጭስ ይወጣል።

«እኔማ እንዳልከኝ ጭሱን ተውኩ» አሉ። «ምስጡን ግን ተው ያለው የለም።»