ያልታጠበው ብርጭቆ

ትንቢት ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ማጠቢያ የቀዳችውን ቆሻሻ ውሃ ዲላ አምጥታ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ በብርጭቆ ከመብራት ሥር አስቀምጣዋለች። የመብራቱ ብርሃን ቆሻሻውን በሰባበረው ቁጥር፣ ውሃው ውስጥ የተነከረው የቆሻሻ መለኪያ ኤሌክትሮድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚስለው መስመር ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ግን መስመሩ በየቀኑ ተመልሶ ይወጣል።

«ብርጭቆውን በደንብ አላጠብሽውም» ይሏታል አማካሪዋ ዶክተር ታዲዮስ።

ዛሬ መስመሩ መውጣት ሲጀምር፣ ማጠቢያው ላይ ጥበቃ ለሆነው አጎቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ አሁን ምን አደረጋችሁ?»

«እንደ ወትሮው ቆሻሻውን ወደ ወንዙ ለቀቅነው። ምነው?»

«መልቀቂያውን ዝጋልኝ።»

«አለቃ ይቆጣል።»

«ይቆጣ። የምንጠጣው ወንዝ ነው፤ ዝጋልኝ።»

አጎቷ እያጉረመረመ ዘጋው። መስመሩ ወረደ።

ዶክተሩ «አጋጣሚ ነው» ብለው ሳቁ። ትንቢት ውሃውን ደፋችው፤ ኤሌክትሮዱንም ጠርጋ አድርቃ ባዶ አየር ላይ ሰቀለችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኛ።

ስልኳ ጮኸ።

«ትንቢትዬ፣ አለቃ መጥቶ መልሶ ከፈተው» አላት አጎቷ።

ኮምፒውተሩን ወደ ዶክተሩ አዞረችው። መስመሩ እየወጣ ነበር።

«እስቲ አሁንም አላጠብሽውም ይበሉኝ» አለቻቸው።