የጉድጓድ ቆፋሪው ቁራኛ

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ዳኛው ሩቅ ከሆነ ቀኑን ሙሉ አብረው ይጓዛሉ፣ ከአንድ ስንቅ ይበላሉ፤ አንዱ እሾህ ሊነቅል ሲያጎነብስ ሌላውም ወደደም ጠላም ያጎነብሳል። ስለዚህ ገሠሠ አንድ ማለዳ ግራ እጁ ከሌላ ሰው ቀኝ እጅ ጋር ታስሮ ከአዳማ ሲወጣ፣ መንገደኛው አየት አድርጎ አለፈ እንጂ ማንንም አልደነቀው።

ገሠሠንም አልደነቀው። እንዲያውም ዘገየብኝ ባይ ነበር። ሰው ገድሏል።

ገሠሠና መርዳሳ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ነበሩ። ባቡር ከመጣ ወዲህ አዳማ ሰው በሰው ሆናለች፤ ውሃ ግን የላትም፤ ስለዚህ ሥራ ሞልቷል። መርዳሳ ይወርዳል፣ ገሠሠ ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። በጥቅምት አንድ ቀን ባቡሩ ሲጮህ ገሠሠ ዞር ብሎ አየ። በየጊዜው የሚያየውን ባቡር ነው ያየው። ገመዱ ከእጁ አመለጠ።

ከዚያ ወዲህ የሚያስታውሰው፣ መርዳሳን በጋቢ ጠቅልለው በቃሬዛ ወደ አገሩ ወደ ሞጆ ሲወስዱት ነው። ጋቢው ደም ነክቶታል።

ገሠሠ ለቅሶ አልደረሰም፤ በምን ዓይኑ ሰው ያያል። በሦስተኛው ሳምንት ግን አላስችል አለውና፣ የመርዳሳ ሚስት ዘርፉ ከሞጆ ስትመለስ ጠብቆ ደጇ ላይ ተደፋ።

«ገደልኩት፤ ይቅር በይኝ» አላት።

ዘርፉ መጀመሪያ ሳቀች። ሐዘን አንዳንዱን ያስቃል። ገሠሠ በማግስቱም ሄደ፣ በሳምንቱም ሄደ። ጥቁር እንኳ አልለበሰችም ብሎ በልቡ ታዘባት፤ ወዲያው ደግሞ ገዳይ ሆኖ በመታዘቡ አፈረ። እያደር ስታየው ማልቀስ ጀመረች። በመጨረሻ በሩን ዘጋችበት።

ከገና በኋላ ሰውየው መጣ። የመርዳሳ ወንድም መሆኑን ለመገመት ገሠሠ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ግንባሩም ድምፁም ቁርጥ መርዳሳን ነው። ሰውየው እጁን ሲዘረጋ፣ ሊያንቀኝ ነው ብሎ አንገቱን አዘጋጀለት። ሰውየው ግን አላነቀውም።

ያ ይብስ ጎዳው። ሰውየው በየሳምንቱ እየመጣ ከገሠሠ ሚስት ከጥሩነሽ ጋር ይንሾካሾካል፣ ገሠሠን ትክ ብሎ ያየዋል፣ ይሄዳል። ጉማ አልጠየቀም። የደም ካሳ ቢጠይቀው ገሠሠ ቤቱንም በሬውንም ሸጦ ይከፍል ነበር። ዝም ሲለው ግን እህል ከጉሮሮው አልወርድ አለ። በግንቦት ዕዳውን በራሱ ሊከፍል ወደዚያው ጉድጓድ ሄደ። አፋፉ ላይ ቆሞ ሳለ ያው ሰው ከኋላው ደርሶ በወገቡ ጎትቶ ጣለው።

ቀላል ሞት ነፈገኝ፣ ዳኛ ፊት ሊያቆመኝ ነው፣ አለ ገሠሠ በልቡ። እውነትም በማግስቱ ሰንሰለቱ መጣ።

ጥሩነሽ የሁለቱንም ስንቅ ቋጠረች። ሰንሰለቱ ሲቆለፍ አላለቀሰችም።

«አደራህን፣ ምንም ቢልህ እንዳትለቀው» አለችው ሰውየውን።

የገዛ ሚስቱ ናት። ገሠሠ አልፈረደባትም።

ወደ አዋሽ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲይዙ አንዲት ወተት የምትሸጥ የአርሲ ሴት አገኙ። ሰንሰለቱን አየች፣ ቅሏን አውርዳ ለሁለቱም ቀዳች፤ ዋጋ አልጠየቀችም።

«አላህ ያቅልላችሁ» አለች።

ገሠሠ አልጠጣም። ለገዳይ ወተት አይገባም።

ፀሐይ ስትበረታ ሰውየው ከአንድ ግራር ሥር አረፍ አለና ቀኝ እግሩን ያሽ ጀመር።

«ለምን ጉድጓዱ ውስጥ አልተውከኝም?» አለው ገሠሠ።

«አንድ ሰው የወደቀበት ይበቃዋል።»

«ትጠላኛለህ?»

«የምናደደው በራሴ ነው» አለ። «ቀድሜ ላመጣህ ይገባኝ ነበር።»

የወንድም ደም እንዲህ ያስጨንቃል፣ ብሎ አሰበ ገሠሠ፤ ለሰውየውም አዘነለት። ሲመሽ ይህ ሁሉ ያልቃል። ዳኛው ሞት ቢፈርዱበት እጃቸውን ስሞ ይቀበላል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምረውት ወደ ቤቱ እንዳይመልሱት።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ትልቅ ዋርካ ሥር አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ከበታች ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ዳኛው ቄስ መሆናቸው ገሠሠን ደስ አሰኘው። ዙሪያውን እንደሱ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ለብቻው ይስቃል። አንዲት ሴት ሕፃኗን ሌላ ሰው ይዞላት፣ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ምን አጥፍታ ይሆን፣ አለ ገሠሠ።

ተራቸው ደረሰ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ ቄሱ።

«ከጥቅምት ወዲህ፣ አባቴ» አለ ሰውየው።

«እንቅልፍስ?»

«ገዳይ ምን እንቅልፍ አለው» አለ ገሠሠ ቀድሞ።

ቄሱ ሰውየውን ቆጣ ብለው አዩት። «ሰባት ወር ምን ትጠብቅ ነበር?»

«በጊዜው ይተወዋል ብዬ ነው። ትናንት ከጉድጓድ አፋፍ ነው የመለስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እግር ሲሰበር በዕለቱ ወጌሻ ትጠራላችሁ፤ ለዚህ ሲሆን ግን ጉድጓድ አፋፍ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ።»

ገሠሠ የእግሩ ነገር አልገባውም። ተንበረከከ፤ ሰንሰለቱ ሰውየውንም አብሮ ጎተተው።

«እኔን ይጠይቁኝ፣ አባቴ። መርዳሳን የገደልኩት እኔ ነኝ። ገመዱን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ወንድሙን ይጠይቁት፤ ይኸው አብሮኝ ታስሯል።»

ቄሱ ወደ ሰውየው ዞሩ። «አንተስ ማነህ?»

«መርዳሳ ነኝ፣ አባቴ።»