ሰባት ቁጥር ስልክ

ታጣቂው መደርደሪያው ላይ ቻርጅ ከሚደረጉት ስልኮች አንዱን፣ ገመዱን ሳይነቅል አነሳና «ይሄ የማን ነው?» አለ።

ነሲባ ክው አለች። ሰባት ቁጥር ነው፤ የቡርቱካን ስልክ። ቡርቱካን ደግሞ እዚያው በሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ስም አልይዝም» አለች ነሲባ። «ቁጥር እለጥፋለሁ፤ ሰዉ ራሱ እያወቀ ይወስዳል።» ለየባለቤቱ ስለምትሰጠው የቁጥር ካርቶን ግን ትንፍሽ አላለችም።

ስም አለመያዝን የለመደችው ከድሮ ሥራዋ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች፤ የመርሳን ከተማ ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ገመና ስታዳምጥ ኖራለች። ሥራው ሁለት ነገር አስተምሯታል። አንደኛው፣ የችግረኛ ስም በቁጥር ይሸሸጋል። ሌላው፣ ሰው እንባ ሲተናነቀው ከአፍሽ በፊት ዓይንሽን ስጪው፤ ቀና ብለሽ እዪው። ጦርነቱ ሲመጣ መሥሪያ ቤቷ መኪኖቹን አስነስቶ ወደ ደሴ ፈረጠጠ፤ እሷን ያስታወሳት የለም። እሷም እቴ፣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ሰጥታ ከግራና ገበያ የሶላር ሰሌዳ ከነባትሪው አመጣችና፣ መብራት በጠፋበት ከተማ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ከፈተች። ዕድሜ ልኳን የሌላውን ጉዳይ ስትሸከም ለኖረች ሴት «የኔ» የምትለው ነገር ሲገኝ እንዴት ደስ ይላል! ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥታ ሰሌዳዋን ስትወለውል ላያት፣ የሕፃን ልጅ ፊት የምታጥብ ነው የምትመስለው።

ኔትወርክ የለም፤ የሚደወልበትም የለም። ሰው ስልኩን የሚያስሞላው ለባትሪ መብራቱ ነው። ቡርቱካን ግን የምትመጣው ለድምፅ ነው። ልጇ አሚር ሐራ አጠገብ ሲዋጋ ወድቋል። መርዶውን ያረዳቻት ነሲባ ራሷ ናት። ታጣቂዎቹ የተዋጊ ቤተሰብ እያደኑ ነውና ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልቻለችም፤ ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። የቀራት ጓደኛው ያመጣላት የአሚር ስልክ ነው፤ ውስጡ ለእናቱ ቀርጾት ሳይልከው የቀረ አንድ ቪዲዮ አለ።

«እትዬ፣ ያጥፉት፤ ያስበላዎታል» ብላ ነሲባ ለምናት ነበር።

«ልጄን ሁለቴ ልግደለው?» ነው ያለቻት።

ታጣቂው ስልኩን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። እሱም ልጅ ነው፤ ከአሚር ብዙም አይበልጥ። ክላሽ ያነገተ ወጣት ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆመና ለጓደኛው ጠቀሰው። ጓደኛው በሩን ዘጋ።

«የማን ነው?»

በቀደም በሲሪንቃ መንገድ እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው እስካሁን አልተመለሰም፤ ሁሉም ያውቃል።

«ባለቤት ከሌለው ያንቺ ነው ማለት ነው» አላት ነሲባን። «እንግዲያው ሰሌዳውንም አንቺንም ይዘን እንሄዳለን።»

ይውሰዱት! አለች በሆዷ። ሰሌዳዋ እንደ ልጅ ያሳሳታል። ቢሆንም ቡርቱካንን አልሰጥም፣ ወላሂ አልሰጥም ብላ ጥርሷን ነከሰች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ታጣቂው ቪዲዮውን ከፈተው።

«እማ፣ እንዴት ነሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ላሟን እንዳትሸጫት እሺ? ስመጣ እኔው ራሴ…» አንድ ሰው ከኋላው አሾፈበት መሰለኝ፣ አሚር ሳቀ። «ዝም በል አንተ፣ እናቴን እያናገርኩ ነው! እማ…»

ሴቶቹ ሁሉ አቀርቅረዋል። ቡርቱካንም አቀርቅራለች፤ ፊቷ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ያንን እንዴት እንደቻለችው አላህ ይወቅ። ሁለተኛውን «እማ» ስትሰማ ብቻ፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ አንዴ ሲጥ አለ። ከነሲባ በቀር ማንም አልሰማውም።

ነሲባ ያንን ድምፅ ስንት ቤት ሰምታዋለች! ቀና አለችና ቡርቱካንን አየቻት። ለቅጽበት ነው፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

ታጣቂው ግን ሲያይ የነበረው ስልኩን ሳይሆን የነሲባን ዓይን ነበር።

ገመዱን ቀስ ብሎ ነቀለው። ወደ አግዳሚው ሄደና ስልኩን በሁለት እጁ ለቡርቱካን አቀረበላት። «እንኩ እናቴ፣ ሞልቷል። አሁን ይነሡ፣ እንሂድ።» ከዚያ ወደ ነሲባ ዞረ። «አንቺ ሥራሽን ቀጥይ። ሰሌዳሽን የሚነካብሽ የለም።»

«ያረቢ! እትዬ ቡርቱካን፣ እኔ እኮ…»

ቡርቱካን አልጮኸችም፤ አልረገመቻትም። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስልኳን በወሰደች ቁጥር እንደምታደርገው የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች፤ ሰባት ቁጥር የተጻፈባትን ካርቶን አውጥታ ነሲባ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

«ለሌላ ሰው ይሆንሻል» አለቻት።